እትዬ አሰለፈች ያዋጡት ቅቤ

የሕፃኑ አስከሬን ከጉና ሥር ደብረ ታቦር ሲደርስ በነጠላ ተጠቅልሎ ነበር። ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችው። የሁለት ቀን ልጅ ነው፤ ቆዳው እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።

«መርዝ ነው» አለ የእናቱ ወንድም ሞላ። «ጎረቤታችን አሰለፈች ቅቤ ነው ብላ አዋጠችው። ቡዳ ናት፤ አገር ያውቃታል።»

ይህንኑ ትናንት ለቅሶው መሐል ስለተናገረ የእትዬ አሰለፈች ቤት በድንጋይ ተደብድቧል። አሁን አሮጊቷ ጣቢያ ተቀምጠዋል፤ ተጠርጣሪም ናቸው፣ ተጠባቂም።

«ልጁ ዘንድ መቼ ሄዱ?» አለቻቸው ያለምወርቅ።

«ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ። ሳቅፈው ዓይኑ ቢጫ ነው። ‹ይኸ ልጅ ታሟል› አልሁ። ሞላ ‹ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ጽፎልናል፣ አምቡላንስ እየጠበቅን ነው› አለኝ። ቅቤውን አዋጥሁት፤ የእናቶቻችን ወግ ነው።»

አምቡላንሱ እስከ ረቡዕ አልመጣም። ረቡዕ ልጁ ሞተ።

የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ትዝታ መርዝ አላገኘችም። «እናቱ ገነት ደሟ ኔጌቲቭ ነው፣ የልጁ ፖዘቲቭ። ሰውነቷ የልጁን ደም እንደ ጠላት ቆጥሮ ማህፀን ውስጥ ሳለ ሲያጠፋው ቆይቷል።»

«እንግዲያ ገዳይ የለም?»

«ግራ የገባኝ ነገር አለ። በመጀመሪያ እርግዝና እንዲህ አይከፋም። ሰውነቷ ፖዘቲቭ ደም ቀድሞ ማወቅ አለበት። ወይ ከዚህ በፊት አርግዛለች፣ ወይ ደም ተሰጥቷታል።»

የገነት ባል አንዱአምላክ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ፊቱ ጠቆረ።

«ከእኔ በፊት ሌላ ነበራት ማለት ነው?»

ያለምወርቅ ተናደደች። አንዱን ሐሜት ሳትጨርስ ሌላው ተወለደ። እዚያው ሆስፒታል የተኛችው ገነት ዘንድ ገባች። ከጉልበቷ በላይ ረጅም ጠባሳ አየች።

«ይኼ ከምን ነው?»

«የዛሬ ሰባት ዓመት ከእብናት ገበያ ስንመለስ የተሳፈርንበት አይሱዙ ተገለበጠ። ራሴን ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ሞላ አስታመመኝ፤ ከእሱ ሌላ ማን አለኝ?»

የእርግዝና መከታተያ ካርዷን አነበበች። የደም ዓይነት፦ መመርመሪያ አልቋል። ደም ወስዳ ታውቃለች? አታውቅም። ወደ አዋላጇ ደወለች።

«ወንድሟ ነው የመለሰልኝ» አለች አዋላጇ።

ያለምወርቅ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ክትትሉ በቆየበት ስድስት ወር ሙሉ ይህን ልጅ ማትረፍ ይቻል ነበር።

ሁለቱን ወንዶች ጠራች።

«የደም ዓይነትህ?»

«ተመርምሬ አላውቅም» አለ አንዱአምላክ።

«ቢ ፖዘቲቭ» አለ ሞላ።

«ታመህ ታውቃለህ?»

«እግዜር ይመስገን፣ መርፌም ወግቶኝ አያውቅ።»

ያለምወርቅ መልሱን ጻፈች።

ዓርብ ጠዋት ሁሉንም በገነት አልጋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ልጁ እትዬ አሰለፈች ሳይመጡ ታሟል። ሞላ ራሱ ነግሯቸዋል፤ ስለዚህ መርዝ ሲል እየዋሸ እንደነበረ ያውቃል። ገነትም ከባሏ በፊት አላረገዘችም። መርፌ ወግቶት የማያውቅ ገበሬ የደሙን ዓይነት ከየት አወቀ? ደም የሰጠ ሰው ግን ይነገረዋል። የሰባት ዓመቱን መዝገብ አስፈለግሁ።» ወረቀቱን ዘረጋች። «ሞላ፣ ያን ቀን ከአንተ ደም በቀር አልተገኘም። አትርፈሃታል። ሐኪሙ ግን ‹ስታረግዝ ይህን ተናገሩ› ብሎ አስፈርሞሃል።»

ሞላ ግድግዳውን ተደገፈ። «ያኔ ለእሷ ሽማግሌ ሊላክ ነበር። ደሟ እንከን አለው ቢባል ማን ያገባታል? ጤና ጣቢያም ስንጠየቅ ባሏ አጠገቤ ነበር። ልጁ ቢጫ ሲሆን ገባኝ። ፈራሁ።»

ገነት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንዱአምላክ እጇን ሊይዝ ሞከረ፤ አልሰጠችውም።

«አያስሩትም?» አላት ኢንስፔክተሯን።

«በልጁ ሞት? በምን አንቀጽ?» ጠዋት ክሱን ሁለት ጊዜ ጽፋ ሁለት ጊዜ ቀድዳዋለች። «በሐሰት ስለወነጀለ ግን እትዬ ከፈለጉ እከሰዋለሁ።»

«ታስሮ ምን ይረባኛል?» አሉ እትዬ አሰለፈች። «በሰው ፊት የወሰደውን ስሜን በሰው ፊት ይመልስልኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሞላ በደጀ ሰላሙ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ መዋሸቱን አጉረመረመ። እትዬ አሰለፈች ከሴቶቹ መሐል ወጡ።

«ቡዳ ናት ስትል ድምፅህ ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። አሁንም እንደዚያው ተናገር።»

ሞላ ቀና ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።