ታንከር የበላው ካርድ

"ታንከሩስ? ታንከሩ የት ሄደ?"

ቤኒታ ከመቀመጫዋ ተነስታ ጮኸች። በሊማው ፍርድ ቤት ስክሪን ላይ ግንቡ እየተናደ ነበር። ባሏ ግንበኛው ኤውሴቢዮ የሞተው በዚያ ግንብ ሥር ነው። የሕንፃ ድርጅቱ ድጋፍ በሌለው ግንብ ላይ ውኃ የሞላ ታንከር ጫነበት፤ ሰውየው ከሞተ በኋላ ታንከሩን አንስቶ ሰወረው። የቀረው ማስረጃ ከደበዘዙ የስልክ ፎቶዎች ተለክቶ የተሠራው የኮምፒውተር ፊልም ብቻ ነው። ፊልሙ ላይ ደግሞ ታንከር የለም።

"ሟቹ ራሱ መሠረቱን ቆፍሮ ነው የናደው" አለ የድርጅቱ ጠበቃ።

ዳኛዋ ቀጠሮ ሰጡ። ፊልሙን የሠራችው ዳሊላ ቱፒያ ማስረጃ በማጥፋት ተጠርጥራ ታሰረች።

መርማሪዋ ሻምበል ኦፌሊያ ማይታ መጀመሪያ የሄደችው ዳሊላን ወደቀጠራት የስቱዲዮ ባለቤት ወደ ሬናቶ ነው።

"ነገሩ ቀላል ነው፣ ሻምበል" አላት። "ልጅቷ ቤቷ ሆና በርካሽ ግራፊክስ ካርድ፣ ምስሉን በሚያሰላው የኮምፒውተር ዕቃ፣ ሠራችው። ርካሽ ካርድ የከበደውን ነገር ዘሎ ያልፋል። ያንኑ ፋይል በእኔ ውድ ካርድ ሳወጣው፣ ይኸው!"

በስክሪኑ ታንከሩ ግንቡ ላይ ጉብ ብሏል።

"እርግጠኛ ነዎት? ፋይሉ አንድ ነው?"

"በእናቴ እምላለሁ።"

"እንግዲያው ፍርድ ቤት የገባውንም፣ ይኼንንም ፋይል ይስጡኝ። ካርድዎንም።"

ዳሊላ እስር ቤት ውስጥ ዓይኗ ቀልቷል። "እኔ ሳስረክበው ታንከሩ ነበር! ያ ካርድ አንዷን ፊልም ለማውጣት ሳምንታት ፈጅቶብኛል። እያንዳንዷን ምስል አይቻታለሁ።"

ኦፌሊያ የዳሊላን ካርድ ይዛ ወደተሸጠበት ወደ ዊልሰን ጎዳና ወረደች። ሻጩ ፍሎረንቲኖ የተቀቀለ በቆሎ ከአይብ ጋር ይግጣል። ካርዱን ገልብጣ አሳየችው። አሮጌ ነው፤ አዲስ ስም ተለጥፎበታል።

"አንተ አጭበርባሪ! ይኼን ነው አዲስ ብለህ የሸጥከው?"

"ሸጫለሁ፣ አልክድም። ግን ሻምበልዬ፣ አሮጌ ካርድ ይንቀራፈፋል እንጂ ታንከር አይሰርቅም። የሚያሰላው ያንኑ ሒሳብ ነው። እዚህ ሌባው እኔ ነኝ፣ ካርዱን ለቀቅ አድርጊው!"

ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም መዋሏ አናደዳት። ቢሮ ተመልሳ ካርዶቹን አለዋወጠች። የፍርድ ቤቱን ፋይል ለውዱ ካርድ ሰጠችው፤ ታንከር የለም። የሬናቶን ፋይል ለርካሹ ሰጠችው። አንዷን ምስል ለማውጣት ሲያቃስት ዋለ። አወጣት። ታንከሩ ከነዝገቱ አለ።

ያኔ የፍርድ ቤቱን ምስል ደግማ አየችው። ግንቡ ላይ ምንም የለም። መሬቱ ላይ ግን ድቡልቡል የታንከር ጥላ ተጋድሟል። ግንብ ሲናድ ጥላ የሚያይ ማን አለ?

ሬናቶን አስጠራችው። አሁን አንቱታው ቀርቷል።

"ፋይሉ ውስጥ ታንከሩን ከካሜራው እይታ ደበቅከው፣ ጥላውን መደበቅ ረሳህ። ካርድ ዕቃ ዘሎ ጥላ አያስቀርም!"

"ዳሊላ ትሆናለች..."

"ፋይሉ ላይ የተመዘገበው ቀን ይናገራል፤ የተቀየረው ካስረከበችህ በኋላ ነው፤ ፊልሙ በማግስቱ ፍርድ ቤት ገባ። የሷ ካርድ ሳምንታት ይፈልጋል። በአንድ ቀን የሚያወጣ ካርድ ያለው ማነው? ንገረኝ!"

ሬናቶ ዓይኑን በጨው አጥቦ ተናገረ።

"የድርጅቱን የአፓርታማ ማስታወቂያዎች የምሠራው እኔ ነኝ። ታንከሩን ካልደበቅክ ሥራውን እንከለክልሃለን አሉኝ። የሞተው እንደሆነ አይመለስም... ካርዱ ርካሽ ነው ስላቸው ደግሞ ሁሉም አመኑኝ።"

ኦፌሊያን ከሁሉ ያንገበገባት ይኼ የመጨረሻው ነው። እውነቱን ነበርና። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ አገሩ ሁሉ ርካሹን ካርድና ድሃዋን ልጅ ሲረግም ከርሟል። በቡጢ ልትለው ቃጣት፤ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

ዳሊላ ተፈታች። ዳኛዋ ካልተነካው ፋይል አንድ ምስል እዚያው ችሎት ፊት፣ በዚያው በርካሹ ካርድ እንዲወጣ አዘዙ። ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ። ከታንከሩ አናት ጀምሮ ግንቡ ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች መታየት ያዘ። የድርጅቱ ጠበቃ ሰዓቱን ደጋግሞ አየና ተነሳ።

"ክብርት ዳኛ፣ ይኼን ስንጠብቅ ልንውል ነው?"

ቤኒታ ዞራ አፈጠጠችበት።

"እኔ ባሌን ከፍርስራሹ ቆፍረው እስኪያወጡልኝ ጠብቄያለሁ። ቁጭ በል!"