ከንጣፎቹ መካከል

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አበው። ዘርጋው ደምሴ ይህን ብሂል ወደ ወርክሾፑ ለሚገባ ሠራተኛ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይነግር ነበር፤ ከፀጉር የቀጠኑ የካርቦን ክሮች በሙጫ ተነክረው፣ ተደራርበው፣ በምድጃ ሲበስሉ የሰው ክብደት የሚሸከም ሰው ሠራሽ እግር ይሆናሉና። ድሩ ሲያብር ከአንበሳው ጋር ሌላ ምን አብሮ እንደሚያስር ግን አበው አልተናገሩም፤ እሱም ጠይቆ አያውቅም።

ሥራው ማዳመጥ ነበር። የጥራት ተቆጣጣሪ እንደመሆኑ በየማለዳው ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ ከምድጃ የወጣውን እግር ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ፣ ከተረከዙ አንሥቶ የተቆረጠው የሰው እግር እስከሚገባበት አፍ ድረስ በአንድ አሮጌ ሳንቲም ጠርዝ በቀስታ ይቆረቁረዋል። ንጣፎቹ በደንብ ከተያያዙ ድምፁ እንደ ደህና ሸክላ ጥርት ይላል፤ በመካከላቸው አየር ወይም እርጥበት ከቀረ ግን አፉን በትራስ እንደ ሸፈኑት ሰው ድምፅ ይታፈናል። እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ከአውራ ጣት ጥፍር ከሰፋ እግሩ ይጣላል። ዘርጋው በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ይህን ሕግ አንድም ቀን አላጠፈም።

በዚያ ነሐሴ የሚሠራው እግር የታናሽ እኅቱ የየሺእመቤት ነበር። የመኪና አደጋ ግራ እግሯን ከጉልበት በታች ከወሰደባት ወዲህ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣለች፤ መስከረም ላይ ክፍል ገብታ ቆማ ካላስተማረች ቦታዋ ለሌላ መምህር እንደሚሰጥ ትምህርት ቤቱ በደብዳቤ አሳውቋታል። የቀረው የካርቦን ጨርቅ ደግሞ አንድ ጥቅል ብቻ ነበር፤ ሌላው የሚመጣው በጥቅምት ነው።

ጨርቁ አስቀድሞ ሙጫ የጠጣ ስለሆነ የሚቀመጠው በማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ከወጣ በኋላ ከነላስቲኩ እንደ ታሸገ ግማሽ ቀን መቆየት ይኖርበታል፤ ቀዝቃዛነቱ ሳይለቀው ከተከፈተ የክፍሉ እርጥበት እንደ ጤዛ ያርፍበታል፣ ጤዛውም ምድጃ ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ንጣፎቹን ያለያያል። የየሺእመቤት እግር በሚሠራበት ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ መስከረም ያስቸኮለው ዘርጋው ጨርቁ ከወጣ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላው «ክፈቱት» አለ።

ንጣፍ የምትደረድረው ውድነሽ መዳፏን ጨርቁ ላይ አሳርፋ ቀና አለች።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ይኸው አልቦታል እኮ! አምና በዚህ ጥፋት ሰው ያስባረሩት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው።»

«እሺ፣ ጌታው የገዛ በሬውን ካረደ ማን ይናገራል» አለችና ጠረገችው።

ምድጃው ሲግል አየር የሚመጠው ፓምፕ የግፊት መለኪያ መርፌ አንድ ጊዜ ወደ ታች ወረደ፤ ከውስጥ አንዳች ነገር ረጅም ትንፋሽ የሳበ ይመስል ጥቂት ቆየና ወደ ቦታው ተመለሰ።

በማግሥቱ ሳንቲሙ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሲደርስ ድምፁ ታፈነ። ዘርጋው ቦታውን በነጭ እርሳስ ከበበው፣ ለካው፤ ልክ የጥፍር ያህል ነው። «አይበልጥም» ብሎ ራሱን አሳመነ። ሆኖም አላስቻለውምና በሁለተኛው ቀን ደግሞ ቆረቆረው። የተከበበው ቦታ ጥርት ብሎ ጮኸ፤ የታፈነው ድምፅ አራት ጣት ወደ ላይ ወጥቷል። አንዴ የደረቀ ሙጫ እንደማይንቀሳቀስ ከማንም በላይ ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ሌላ አራት ጣት ወጣ። በአራተኛው ቀን ሦስት ጊዜ መታ፤ አራት ሰማ።

ከዚያ ወዲያ እጁ አላርፍ አለው። ምሳ ሲበላ ሳህኑን፣ ታክሲ ሲሳፈር የመስኮቱን መስተዋት፣ ቢሮ ሲገባ የበሩን መቃን ይቆረቁርና ጆሮውን ያስጠጋል። ወርክሾፑን የሞላው የሙጫ ሽታ ከሥሩ ሌላ ሽታ ይዞ መጣ፤ የረጠበ ፀጉር ሽታ። ውድነሽን ጠርቶ ሳንቲሙን ሰጣት።

«ደህና ነው፤ እርስዎን ያደከመዎት እንቅልፍ ማጣት ነው» ብላ እየሳቀች ጆሮዋን እግሩ ላይ ለጠፈች። ሳቋ ቆመ። ቀስ ብላ ቀና አለችና እጇን በሽርጧ ደጋግማ ጠረገች።

«ምን ሰማሽ?»

«ምንም። ግን ለምን ይሞቃል?»

ጳጉሜን ሁለት ቀን የሺእመቤት በክራንች ተደግፋ ልትለካ መጣች። ያን ጠዋት ባዶው ቦታ ከአፉ አንድ ጣት ብቻ ዝቅ ብሎ ነበር።

«የሺ፣ ዛሬ ይቅር» አላት።

«ጋሼ፣ ዶሮ ወጥ እንኳ በግማሽ ቀን ይደርሳል! የኔን እግር ሳምንት ሙሉ ምን አድርገህ ነው የምታበስለው?» አለችና ከጠረጴዛው አንሥታ አጠለቀችው። ተነሣች። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት ሄደች፤ ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞራ «ዝም በሉ! ደብተር አውጡ!» ብላ ጮኸችባቸው፤ ሁሉም ሳቁ፣ እሷ ግን ታለቅስ ነበር።

ስታወልቀው ዘርጋው እግሩን ተቀብሎ ከተረከዙ እስከ አፉ ቆረቆረው፤ አንዲት ነጥብ አልዘለለም። ሁሉም ቦታ እንደ ሸክላ ጥርት አለ። ደረቱ ቀለለው፤ የማለፊያውን ወረቀት ስቦ ፈረመ።

«ምነው እሱን ብቻ? እስቲ እኔም ልፈተሽ» አለችና ሳንቲሙን ነጥቃው የገዛ ጉልበቷን አንድ ጊዜ መታችው።

የታፈነ ድምፅ ነበር፤ ከሱ ቀጥሎም ማንም ያልመታው ሌላ።

«አለፍኩ?» አለች እየሳቀች።

ዘርጋው ወረቀቱን አየ፣ ፊቷን አየ። «አልፈሻል» አለ።

የሺእመቤት ሠላሳ ሁለት ቀን ቆማ አስተማረች፤ በሠላሳ ሦስተኛው ከአልጋዋ አልተነሣችም፤ በኅዳር እግሩ ብቻውን ወደ ወርክሾፑ ተመለሰ፣ ተመረመረ፣ እንከን ስላልተገኘበትም ለሌላ ሰው ተሰጠ።