ሕያው ነው ብዬ የጻፍኩለት ሰው

እኔ መቼም ጅኒ አየሁ፣ መንፈስ ጠራኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ስንተኛው ዙርባ ጫት ላይ ነው ያየኸው?» ብዬ የማሾፍ ሰው ነኝ፣ ባለቤቴ ስንዱ እንኳ ሕልሟን ስትነግረኝ ገና ግማሽ ሳትደርስ ሬዲዮ የምከፍት ደረቅ ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እንዴት አድርጌ እንደምስቅበት አውቀዋለሁ። ሳቅብኝ፣ ግድ የለም። ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ተወልጄ ያደግኩት ጅግጅጋ ነው፣ አባቴ ከመሀል አገር ለንግድ መጥቶ እዚሁ ቀረ፣ እኔም ቀረሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፣ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ስካን አደርጋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ያስተምር የነበረ አንድ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ትንሽዬ ላፕቶፑን ሸጠልኝ፣ ትንሽ ስልህ የልጅ ደብተር ታክላለች፣ ጣቴ ወፍራም ስለሆነ አንዱን ፊደል ስነካ ሁለት ይጻፋል፣ ባትሪዋ ደግሞ ገና ሲሸጥልኝ የሞተ ነው፣ ገመዱ ሲነቀል በዚያው ቅጽበት እልም ትላለች። ቢሆንም ወደድኳት። በእሷ ነው እንግዲህ ድረ ገጽ የከፈትኩት፣ «የተካ ገጽ» ብዬ፣ በራሴ ስም፣ አታፍርም ብትለኝም አላፍርም።

ምን እጽፍ ነበር መሰለህ፣ ዝናብ ጣለ አልጣለ፣ የቀብሪበያ ከብት ገበያ እንዴት ዋለ፣ የትኛው መንገድ ተቆረጠ፣ ማን አገባ፣ ማን አረፈ። መጀመሪያ የምታነበው ስንዱ ብቻ ነበረች፣ እሷም ስለምለምናት ነው። ኋላ ግን ከከተማው ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ለመዱት፣ በተለይ የለቅሶውን ዜና፣ ምክንያቱም እዚህ ሙስሊሙ ሬሳ አያሳድርም፣ ሰው ጠዋት ቢያርፍ ከሰዓት አፈር ይለብሳል፣ ታዕዚያው፣ ለቅሶ መቀመጡ ማለት ነው፣ ደግሞ ሦስት ቀን ነው፣ ሩቅ ያለ ሰው ቶሎ ካልሰማ አለቀለት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለና «ሙሴ አደን ዩሱፍ አረፈ፣ ገጽህ ላይ አውጣው» አለኝ አንድ ድምፅ፣ ገና ማነህ ሳልለው ዘጋው። ሙሴ አደንን አውቀዋለሁ፣ እንዴት አላውቀው፣ ሙሴ ዴሬ ነው፣ ረጅሙ ሙሴ፣ የጎማ ነጋዴው ወዳጄ! እንባዬን እየጠረግኩ ባለፈው ወር ያነሳሁትን ፎቶውን ከስሙ በላይ ለጠፍኩና ሦስት መስመር ጻፍኩ። ይኸውልህ፣ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በዚህ አገር የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ገጥሞ ሦስት አራት ሰው አንድ ሊሆን ይችላል፣ ሰው የሚለየው በቅጽል ስሙ ነው፣ ረጅሙ፣ ጥቁሩ፣ መላጣው እየተባለ፣ ቅጽሉን ሳይጠይቅ የሰው ሞት የሚጽፍ ሞኝ ብቻ ነው፣ ሞኙ እኔ ነኝ።

ሰዓት አልሞላም፣ ደጃፌ ላይ ጥላ ወደቀ፣ ቀና ስል ዴሬ ራሱ!

«ወሪያ ተካ! መቼ ነው የሞትኩት? ምነው ሳትነግረኝ?»

«የኔ ጌታ... ሙሴ...»

«እህቴ አዲጋላ ላይ መሬት ለመሬት እየተንከባለለች ነው! ሁለት ጊዜ ደውዬ አለሁ ብላት ጅኒ ነህ ብላ ዘጋችብኝ!»

እሱ ይስቃል፣ እኔ ላፕቶፗን እጎትታለሁ። በዚያ ድንጋጤ ውስጥ የሠራሁትን ሁለተኛ ስህተት ስማ፣ ከመጀመሪያው ይብሳል። ፎቶውንም ጽሑፉንም አጠፋሁና በትልልቁ «ሙሴ አደን ዩሱፍ በሕይወት አሉ፣ ወሬው ሐሰት ነው፣ ይቅርታ» ብዬ ለጠፍኩ። ታዲያ ሰኞ ጠዋት የሞተው ማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። እመነኝ፣ በሐሳቤም አላለፈም፣ ወዳጄ ተርፎልኛል፣ ሌላው ምን ቸገረኝ።

ረቡዕ፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ጅግጅጋን የምታውቅ ከሆነ ያንን ሰዓት ታውቀዋለህ፣ ሱቁ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ጫት ላይ ይቀመጣል፣ ባጃጅ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ መንገዱ ላይ ነፋስና ፌስታል ብቻ ነው የሚሄደው። እኔ ጫት ስለማልቅም ብቻዬን እሠራለሁ። የአንድ ሰው ማመልከቻ እየተየብኩ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው አየሁ። መቼ እንደመጡ አልሰማሁም። አጠር ያሉ፣ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ፣ ሽርጣቸው ንጹሕ፣ ቀኝ እጃቸው በነጠላቸው ውስጥ ነው።

«ይግቡ አባቴ፣ ይቀመጡ» አልኩ።

ገቡና ተቀመጡ። ያቺ የእንግዳ ወንበሬ አንድ እግሯ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ነች፣ ድመት ቢወጣባት እንኳ ትጮሃለች፣ ያን ቀን ዝም አለች። የዚያን ጊዜ ልብ ያልኩት አይምሰልህ፣ ሁሉም ኋላ ነው የመጣልኝ። በፔርሙስ የነበረውን የግመል ወተት ሻይ ላቅርብልዎ ብላቸው «በቃኝ፣ ጠግቤአለሁ» አሉ፣ ድምፃቸው ደክሞት የነበረና ያረፈ ሰው ድምፅ ነው።

«ሰኞ የጻፍከውን አስተካክልልኝ» አሉኝ፣ አማርኛቸው እንደ አገሬው ሰው የተሰባበረ ግን ግልጽ ነበር። «ዴሬ አልሞተም። የሞተው ሙሴ ጉሬ ነው።» ጉሬ ማለት ግራ እጁ የሚቀናው ማለት ነው።

ክው አልኩ። «የሞተ ሰው አለ እንዴ?»

«አለ። ሰኞ ተቀበረ። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው፣ ማምሻውን ሰው ይበተናል። ልጁ ሂቦ ደምበል ወረዳ አስተማሪ ናት፣ እዚህ ያሉት ዘመዶች ስልኳን አያውቁትም፣ ወሬ የምትሰማው ከአንተ ገጽ ነው። ሞተ ስትል፣ እዚያ ኔትወርኩ ፎቶ ስለማይከፍት ስሙን ብቻ አንብባ አለቀሰች፣ ደግሞ አለ ስትል ፍየል አርዳ ለጎረቤት አከፋፈለች። አባቷ አፈር ገብቶ እሷ የደስታ ሥጋ ታድላለች።»

ወይኔ! ጉድ ሠራሁ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ፣ ወዲያው ጽሑፉን ከፈትኩና መተየብ ጀመርኩ። በዚህ መሀል መብራት ጠፋ። የማተሚያው ማሽን ጭጭ፣ የጣሪያው ፋን ጭጭ፣ ላፕቶፗ ግን በርታለች። ባትሪዋ የሞተው ላፕቶፕ! ሽማግሌው ግራ እጃቸውን ዘርግተው ክዳኗ ጫፍ ላይ አሳርፈውታል፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰስ። «ጻፍ፣ ጊዜ አለህ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ሙሴ ጉሬ ማረፋቸውን፣ ታዕዚያው የት እንደሆነ፣ የሰኞው ስህተት የእኔ መሆኑን። «አሁን ለልጅቷ የምነግርህን ጨምር» አሉና ቃል በቃል አስጻፉኝ፦ «ሂቦ፣ ደጄን አትርገጪ ያለሽ አፌ ነው፣ ልቤ አንድ ቀን አላለም። መኝታሽን ለማንም አልሰጠሁም።»

እኔ እንግዲህ ሟቹ ሳይሞቱ ለእኚህ ሰው የተናዘዙት ቃል መሰለኝ፣ «እርስዎ ምናቸው ነዎት?» አልኳቸው።

«ቅርቡ ነኝ።»

በስልኬ ኢንተርኔት ለጠፍኩት፣ ወጣ፣ አነበብኩላቸው። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ስምዎን ልያዝ ብዬ ብዕር ፍለጋ ጎንበስ አልኩ፣ ቀና ስል ወንበሩ ባዶ፣ ላፕቶፗም ጨልማለች። ሮጬ ወጣሁ። መንገዴ ቀጥ ያለ ነው፣ እስከ አደባባዩ ድረስ ያሳያል፣ አንዲት ፍየል ካርቶን ትበላለች፣ ሌላ ማንም የለም። ሽማግሌ ሰው በዚያ ፍጥነት የት ይደርሳል? ራሴን «አንተ ደንባራ፣ ጎንበስ ብለህ ብዙ ቆይተሃል» ብዬ አጽናናሁት።

ሐሙስ ጠዋት አንዲት ሴት መጣች። ጥቁር ጅልባብ ለብሳለች፣ ዓይኗ አብጧል።

«አዴር ተካ አንተ ነህ?» አዴር ስትለኝ አጎቴ ማለቷ ነው። «ሂቦ ነኝ፣ የሙሴ ጉሬ ልጅ።»

«ደረስሽ?» አልኳት።

«ትናንት መግሪብ ሳይሰገድ ደረስኩ። ሰዎቹ ገና ከምንጣፉ አልተነሱም ነበር። አክስቴ ስታየኝ...» አልጨረሰችውም፣ እኔም አላስጨረስኳት።

አራት ዓመት ነው አባቷን ካየች። ያጩላትን ባል እምቢ ብላ ለማስተማር ደምበል ስትሄድ ደጄን እንዳትረግጪ ብለዋት፣ እሷም በእልህ ስልኳን ቀይራ ቀርታለች። ስለ ፍየሉም ነገረችኝ፣ እኔ አልጠየቅኳትም። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ፎቶ ዘረጋችልኝ፣ «ማስታወቂያው ላይ ይሄን አድርግልኝ» አለችኝ።

ተቀበልኩና ሳላየው ስካነሩ ላይ ደፋሁት። ታውቀዋለህ አይደል፣ ምስሉ በላፕቶፗ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ቆብ መጣ። ከዚያ ግንባር። ከዚያ ዓይን። ሂና የተቀባው ጺም ሲደርስ ወንበሬን ያዝኩ።

«አዴር፣ ምን ሆንክ?»

ልዋሻት ነበር። አቃተኝ። «ትናንት... እዚህ መጥተው ነበር» አልኳት፣ የለበሱትን፣ ግራ እጃቸውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮሃለች ወይም ትረግመኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦

«ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ?»

«ተቀምጠው ነው።»

«ወላሂ በል!»

«እግዜር ምስክሬ ነው፣ እዚያ ወንበር ላይ።»

ወንበሯን አየቻት፣ ሄደችና መዳፏን አሳረፈችባት። «አባቴ የተቀየመበት ቤት አይቀመጥም ነበር» አለች። «አትርገጪ ያለኝ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ነው የዋለው፣ ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የበላው። ከተቀመጠማ ቁጣው ወጥቶለታል።» ከዚያ እያለቀሰች ሳቀች፣ እኔም ሽበቴን ሳላፍር አብሬያት አለቀስኩ።

ልትሄድ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «አላህ ይስጥህ አዴር፣ በማለዳ መጻፍህ ነው የጠቀመኝ። ሱብሂ ሰግጄ ስልኬን ስከፍት ነው ያነበብኩት፣ ሮጬ የንጋቱን መኪና ያዝኩ። እሱ ካመለጠ ሌላ መኪና የለም።»

«ትናንት? በሱብሂ?»

«ትናንት ረቡዕ፣ ገና ሳይነጋ። መኝታሽን ለማንም አልሰጠሁም የሚለውን እስኪነጋ ደጋግሜ አነበብኩት።»

አዎ ልጄ አልኳት፣ ሌላ ምን ልበላት። ሽማግሌው የመጡት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ በእነዚህ ወፍራም ጣቶቼ የጻፍኩት በዚያው ሰዓት ነው፣ እሷ ደግሞ ያን ጊዜ አቧራ እየቃመች መንገድ ላይ ነበረች። ገጹን ከፍቼ ብዙ ጊዜ መረመርኩት፣ ጽሑፉ አንድ ነው፣ የተለጠፈውም ረቡዕ ከቀትር በኋላ ነው ይላል። ለሂቦ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፣ ለምን ብዬ ልረብሻት፣ ለስንዱ ብቻ ነገርኳት፣ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሬዲዮውን ራሷ ዘጋችው።

አሁንም እጽፋለሁ፣ ዝናቡን፣ ገበያውን፣ ለቅሶውን። ብቻ አንዳንዴ ጣቴን ፊደሉ ላይ ሳሳርፍ፣ ገና ያልጻፍኩትን አንድ ሰው የሆነ ቦታ አንብቦ ጨርሶ፣ ቦርሳውን አንስቶ መንገድ የጀመረ ይመስለኛል፣ እና ቶሎ ቶሎ እተይባለሁ።