ጾሙን የቀደመ ደወል

ጋሼ አድማሱ ነጭ ነጠላቸውን እንደለበሱ ኮምፒውተራቸው ፊት ወንበር ላይ ሞተው ተገኙ። ያገኛቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወስዳቸው የመጣው ጎረቤታቸው ሙንታሲር ነው። የመኪናውን ክላክስ ቢያሰማ፣ በሩን ቢያንኳኳ መልስ ሲያጣ በመስኮት አያቸውና በያዘው መለዋወጫ ቁልፍ ገባ። የፍልሰታ ጾም የገባበት ጠዋት ነበር። አስከሬናቸውን ያየው ሐኪም እንዳለው የስኳር መርፌያቸውን ተወግተው እህል ሳይቀምሱ ቆይተዋል፣ ስኳራቸው ወርዶ ገድሏቸዋል።

መርማሪ ፖሊስ ሰልሳቢል ሙሔ በማግስቱ ሟቹ በስደት ወደኖሩበት ብሬብሩክ ሰፈር ስትደርስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ለቀስተኛው ሞልቷል። ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ አንዲት ወጣት ከድንኳኑ ተገፍትራ ስትወጣ አየች። ሳምሪ ነች፤ ጋሼ አድማሱን በየከሰዓቱ እየመጣች የምትንከባከባቸው። የሟቹ እህት እትዬ አባይነሽ ጣታቸውን ቀስረውባታል።

«ወንድሜን የገደለች ልጅ ለቅሶዬ ላይ አትቀመጥም። የሥራ ፈቃድሽን ካላስነጠቅሁ፣ እስር ቤት ካላስገባሁሽ እኔ አባይነሽ አይደለሁም።»

ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ያያል። አንድ እንኳ «ተይ» የሚል አልተገኘም። ሰልሳቢል ሳምሪን ክንዷን ይዛ መኪናዋ ውስጥ አስገባቻትና በሩን በኃይል ዘጋችው።

የሁሉ ማስረጃ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ማስታወሻ ነበር። ጋሼ አድማሱ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ለጀማሪዎች በሚሰጠው ትምህርት ኢሜይልና ካሌንደር ከተማሩ ወዲህ የሚረሱትን ሁሉ ለፕሮግራሙ አስረክበዋል። ደወሉ ካልጮኸ መድኃኒት አይወስዱም፣ ከቤትም አይወጡም። በሞቱበት ጠዋት ስክሪኑ ላይ የነበረው እንዲህ ይላል፦ «የፍልሰታ መርፌ፣ በማለዳ። ሐኪሙ ያዘዘው።» ላኪዋ ሳምሪ ናት።

«እኔ አልላክሁም» አለች ሳምሪ። «ሐኪሙ አይጹሙ ብሏቸው እምቢ ሲሉ፣ እንግዲያው መርፌው ከቅዳሴ በኋላ ሲበሉ ይሁን አለ። የየዕለቱን የማለዳ ደወል ጾሙ ሲገባ እንዲቆም፣ የከሰዓቱን ደግሞ እንዲጀምር ያደረግሁት እኔ ነኝ። መልሼ ባዶ ሆድዎን ይወጉ እላለሁ?»

«ግን ከአንቺ ኢሜይል ነው የተላከው። እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ኢሜይልሽን ከፍተሽ ታውቂያለሽ?»

ሳምሪ አሰበች። «መጀመሪያ ፕሮግራሙን ስናዘጋጅ። ከሌላ ሰው የተላከ ማስታወሻ፣ ኢንቫይት የሚሉት፣ ሲመጣ እንዴት እንደሚቀበሉት ላሳያቸው ብዬ የራሴንም ኢሜይል አድ አደረግሁ።»

«ከዚያስ? አወጣሽው?»

«ዘጋሁት።»

«መስኮቱን ነው የዘጋሽው ወይስ አካውንትሽን ከኮምፒውተሩ አወጣሽው?»

«መስኮቱን ብቻ» አለች ሳምሪ።

ሰልሳቢል ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተች። በግራ በኩል የጋሼ አድማሱ ስም፣ ከሥሩ የሳምሪ ስም ተደርድሮ ቁጭ ብሏል። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ የለም። ያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሳምሪን ሆኖ መጻፍ ይችላል ማለት ነው። ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሦስት ናቸው፤ እህትየው፣ ጎረቤትየው፣ እና ከኋላ ክፍል የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ሩቤል።

መጀመሪያ ሙንታሲርን አጥሩ ሥር አገኘችው። እንደ እሷው የወሎ ሰው ነው።

«ጋሽ ሙንታሲር፣ ጋሼ አድማሱ ሰሞኑን እንዴት ነበሩ?»

«ደህና ነበሩ። ሲስቁ ነው የከረሙት። ‹ይሄ ኮምፒውተር ጠዋት ጠዋት ሁለት ጊዜ ይጮህብኛል። ሳምሪ ፍልሰታን ሳይገባ አስገባችው፤ እኔ ቁርሴን እየበላሁ እሱ የፍልሰታ መርፌ ይለኛል› ይሉ ነበር።»

«እና ምን ያደርጉ ነበር?»

«ምን ያደርጋሉ? አንዴ ይወጋሉ፣ ሌላውን ያጠፉታል። ሳምሪ የላከችው ስለሆነ ደስ ብሏቸው ነው የሚያዩት። እንደ ልጃቸው ነበረች፤ ዛሬ እንዲህ ሲያዋርዷት አንጀቴ አረረ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

ሰልሳቢል መልሱን ሳትጠብቅ ትታው ገባች።

እትዬ አባይነሽን ወጥ ቤት አገኘቻቸው። ከሚኖሩበት ከሆፐርስ ክሮሲንግ ሰፈር ከመጡ ጀምሮ አልተቀመጡም።

«እትዬ፣ ወንድምዎ ጠላት ነበራቸው?»

«ምን ጠላት አለው? ዓለምን የናቀ ሰው። ፍልሰታ ሲፈታ ይህን ቤት ሸጦ አገር ቤት ገዳም ሊገባ ነበር። እኔ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት።»

«ሩቤልስ?»

«ሩቤል ምን ይላል? ከሕፃንነቱ ያሳደገው እሱ ነው። ‹ራስህን ቻል፣ ልጄ› አለው። ልጁም ዝም አለ።»

ሩቤል ሰንሻይን ሰፈር ያለ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ክፍሉ በር ላይ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ቆሟል።

«ጠዋት ከሺፍት ስመለስ ቀጥታ እተኛለሁ» አለ። «አብረን አንበላም። ምንም አላየሁም።»

«ደወሉን ግን ትሰማለህ።»

«ኦፍ ኮርስ። ግድግዳው ስስ ነው።»

«ጾሙ ከብዷቸው ነበር?»

«አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይበላ ሲውል እንዴት አይከብደው? ኦልድ ማን ነው እኮ። ሳምሪም እያወቀች መርፌ ታዘዋለች።»

ሰልሳቢል ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሳ ማስታወሻው የሚጀምርበትን ቀን ከፍታ አየች፤ ከዚያም አራቱንም ሳሎን ጠራቻቸው። ሳምሪ ስትገባ እትዬ አባይነሽ ሊነሡ ሲሉ «ይቀመጡ» አለቻቸው። ድምፅዋ ጮክ ያለ አልነበረም፤ እሳቸው ግን ተቀመጡ።

«ጋሼ አድማሱን የገደላቸው የማለዳው ማስታወሻ ነው። የተላከው ከዚሁ ኮምፒውተር ላይ ነው። የሳምሪ ኢሜይል ተከፍቶ ስለቀረ ማንም ሊልከው ይችል ነበር። እትዬ፣ ፍልሰታ የሚገባው መቼ ነው?»

«ነሐሴ አንድ። ይህ ምን ይጠየቃል?»

«በዚህ አገር ካሌንደርስ?»

«ኦገስት ሰባት። ትናንት።»

«ሳምሪ የከሰዓቱን መርፌ ያስጀመረችው በትክክል ትናንት ነው። የማለዳው ማስታወሻ ግን የሚጀምረው ኦገስት አንድ ላይ ነው። ጾም ሳይገባ ስለ ጾም የሚጮኸው ለዚህ ነበር። አንድ ሰው አንዱን ጾም ሁለት ቀን ላይ አያስገባም። እትዬ ከልጅነትዎ ጀምሮ ይጾሙታል፤ አይሳሳቱም። ጋሽ ሙንታሲርም ጋሼን ለቅዳሴ የሚወስደው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ተነግሮታል። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ደሴ የጎረቤት ልጆች ፍልሰታን ሲጾሙ እያየሁ ስላደግሁ አውቀዋለሁ። የሚሳሳተው እዚህ ያደገ ልጅ ነው። ነሐሴ ማለት ኦገስት ነው ሲባል ሰምቶ፣ ነሐሴ አንድን ኦገስት አንድ የሚያደርግ።»

ሁሉም ወደ ሩቤል ዞሩ።

«ዛት ኢዝ ክሬዚ» አለ ሩቤል። «ማንም ሊሳሳት ይችላል።»

«ይችላል። ግን ጋሼ አድማሱ የሞቱት ጾሙ በገባበት ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ቁርሳቸውን በየቀኑ በልተዋል፤ ሙንታሲር ምስክር ነው። አንተ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ጾሙ አልኸኝ። በዚህ ቤት ጾሙ ኦገስት አንድ ገብቷል ብሎ ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማስታወሻውን የጻፈው ሰው።»

ሩቤል ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የተናገረው እንግሊዝኛ ሳይቀላቅል ነበር።

«እንዲሞት አይደለም። እንዲታመም ነው። ከታመመ አይሄድም፣ ቤቱንም አይሸጥም ብዬ ነው። የት ልሂድ? ሌላ ቤት የለኝም።»

ሰልሳቢል ፊቱ ቆመች።

«ስድስት ጠዋት ያ ደወል በግድግዳው በኩል ሲጮህ ሰምተሃል። እሳቸው ባዶ ሆዳቸውን እየተወጉ ነው ብለህ ታምናለህ። ስድስቱንም ቀን ተነሥተህ ልታጠፋው ትችል ነበር። አልታመም ሲሉህ ልተወው አላልህም፤ ጠበቅህ። በሰባተኛውም ጮኸ፣ አንተም ዞረህ ተኛህ። ይህን ስህተት አትበለኝ።»

ውጭ ሲጠብቁ የነበሩ ሁለት ፖሊሶች ገብተው ሩቤልን በጓሮ በር ወሰዱት። እትዬ አባይነሽ ሳምሪ እግር ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ።

ሳምሪ ያዘቻቸው። «አይውደቁብኝ፣ እትዬ። እዚህ ማንም አያየንም። ገዳይ ያሉኝ ውጭ ነው።»

«እውነትሽን ነው።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የሳምሪን እጅ ይዘው ወደ ድንኳኑ ወጡ።

«ስሙኝ» አሉ። «ወንድሜን የገደለው እኛው ቤት ያደገ ልጅ ነው። ይቺ ልጅ ንጹሕ ናት። ያባረርኳት እኔ ነኝ፤ እናንተም ዝም ብላችሁ አያችሁ። ተነሡና ቦታ ስጧት።»

በፊት ወንበር የተቀመጡት ሁሉ ተነሡ።