ባለሆዱ ሸራ

«ኧረ ልቀቂው፣ ሊቀደድ ነው!» አለ ሙህሲን።

ሰልዋ አልለቀቀችም። ቆቦ ገበያ፣ የነጋዴው የዘይኑዲን የሳልቫጅ ልብስ ክምር ውስጥ እስከ ክርኗ ገብታ አንድ ቀይና ቢጫ ጨርቅ ትጎትታለች። ጨርቁ እንደ አንበጣ ክንፍ ስስ ነው፤ ብትስበው ብትስበው አያልቅም። በመጨረሻ ሙሉው ሲወጣ መንገዱን ሸፈነና አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን እያንባረቀ ቆመ።

«ፓራሹት ነው» አለ ዘይኑዲን ኮራ ብሎ። «ከሰማይ ብትወድቂ ጥፍርሽ አይነካም።»

«ፓራሹትማ ክብ ነው። ይሄ ሦስት ጥግ ነው ያለው» አለች ሰልዋ።

ቅርጹን ታውቀዋለች። ከጣና ዳር ተመድቦ የመጣው የፊዚክስ መምህራቸው ይድነቃቸው በስልኩ አሳይቷቸዋል። እሷና ሙህሲን ያሉበት የሳይንስ ክበብ ልጆች ከጣውላና ከባዶ ጀሪካን አንዲት ትንሽ ጀልባ ሠርተው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የመስኖ ኩሬ ላይ አኑረዋታል። ያለቻት ሸራ ግን ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ትሰንፋለች። ለዚያ የሚሆነው ከፊት የሚሰቀል፣ ሆዱን ነፍቶ የሚጎትት ቀላል ሸራ ነው፤ ስፒናከር ይባላል። እንዲህ ያለ ነገር ከአረጀ ኮትና ከሕፃን ካልሲ መሐል ይገኛል ብሎ ማን ያስባል?

ከክምሩ ሥር ሌላ ሰማያዊም ነበረ፤ ትልቅ፣ ቀዳዳ የሌለው።

«ይሄን እንውሰድ» አለ ሙህሲን። «ያኛው ተቀዷል። ይሄ አገር ያስከነዳል!»

ሰልዋ ግን ሰማያዊውን ከአፏ ለጥፋ እፍ አለች። ሙህሲን በማዶ በኩል ፊቱን አስጠጋ።

«ትንፋሼ ደረሰህ?»

«ሽንኩርት በልተሻል።»

«ፀሐይ በልቶታል ማለት ነው። ነፋስ አይዝም።» ቀዩንም እፍ አለችበት። «አሁንስ?»

«ምንም።»

ቀዩን ወሰዱ።

ችግሩ የመጣው ከቤት ነው። ሰልዋ የምትኖረው ከአያቷ ከእማማ ራቢዓ ጋር ነው። እናቷ ለሥራ አረብ አገር ስትሄድ «አደራ» ብላ ሰጥታቸዋለች፤ አደራ ደግሞ እንቅልፍ አያስተኛም። ከሁሉ ከሁሉ የሚፈሩት ውኃ ነው። ለነገሩ ማን ይፈርድባቸዋል? በደጋ የዘነበ ዝናብ ቆላውን በጠራራ ፀሐይ፣ ሳይታሰብ ነው የሚያጥለቀልቀው። እማማ ራቢዓ በደጋው በኩል ጥቁር ደመና ካዩ ሰልዋ ደረቁን የጎሊና ወንዝ አሸዋ እንኳ እንድትሻገር አይፈቅዱም።

ሁለቱ ጨርቁን ተሸክመው ሲገቡ በር ላይ ጠበቋቸው።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

ሰልዋ አፏን ከመክፈቷ ሙህሲን ቀደመ። «ዳስ ነው፣ እማማ ራቢዓ! ለክበባችን ጥላ።»

ሰልዋ አየችው። ጠቀሳት። ዝም አለች፤ ዝምታዋም ከእሱ ቃል እኩል ውሸት መሆኑን በሆዷ አወቀችው።

«ተቀዷል እኮ፣ የኔ ዓለም» አሉ እማማ ራቢዓ ጣታቸውን በቀዳዳው እያሾለኩ። «አምጡት፤ እኔ እያለሁ የተቀደደ ዳስ ለሰው ፊት አይወጣም።»

በማግስቱ ሰልዋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ ከእጅ ስፌት መኪናቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ ጨርቁን ግቢው ላይ እንደ ሰሌን ለጥ አድርገው ዘርግተውት አገኘቻቸው። ሰልዋ ዙሪያውን ዞረች። መሐሉን በእጇ ዳበሰች።

«ሆዱስ?»

«አጠፋሁለት!» አሉ በደስታ። «ዳስ ሆድ ካለው ዝናብ ያቁራል፤ ኋላ ልጅ ላይ ይዘረገፋል። መቀስ አላስነካሁትም፤ ትርፉን አጥፌ ነው የሰፋሁት። ዙሪያውንም ማሰሪያ አበጀሁለት፣ ወጥሮ የሚይዝ። ከእንግዲህ የራያ ነፋስ አንድ ነገር አያደርገውም!»

እውነታቸውን ነው። ነፋስ አንድ ነገር የማያደርገው ሸራ ሆኗል።

ሙህሲን በአጥር በኩል ጠራት። «አትጨነቂ። እሳቸው ጎረቤት ሲሄዱ እንተረትረዋለን። አያውቁም፣ ወላሂ።»

«ቀኑን ሙሉ ሰፍታዋለች።»

«ታዲያ ልትነግሪያቸው ነው? በቃ፣ ጀልባዋን እርሻት! ቲቸር ቤተሰቡ ያልፈቀደለት ጀልባ ላይ አይወጣም ብሏል። ለጀልባዋ በክብደትሽ ልክ ቀላል የሆነ ሌላ ሰው የለንም።»

ሰልዋ ወደ ግቢው ተመለሰች። እማማ ራቢዓ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያሻሉ፤ አመልካች ጣታቸው በመርፌ ተወግቶ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል።

«እማማ፣ ዳስ አይደለም።»

«ምን?»

«የጀልባ ሸራ ነው። ኩሬው ላይ ልንወጣበት። ሆድ ያለው ነፋስ እንዲይዝ ነው።»

እማማ ራቢዓ ቀስ ብለው መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

«ውኃ ላይ? አንቺ? መዋኘት ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ያ ረቢ! ለእናትሽ ምን ብዬ ልደውል ነው? ልጅሽን ለኩሬ ሰጠኋት ልበል?»

«ውኃው ደረቴ ድረስ ነው። ተንሳፋፊ ጃኬት አለን። ቲቸር ጀልባዋን በረጅም ገመድ ከዳር ይይዛታል…»

«ገመድ ይበጠሳል!»

ሰልዋ ምላጭ አመጣች፤ ከጨርቁ ዳር ተቀምጣ ስፌቱን አንድ በአንድ ትተረትር ጀመር። እሷ ባትወጣም ክበቡ ሸራውን ይፈልገዋል። አያቷ ቆመው አዩ፤ ለብቻቸው አጉረመረሙ፤ ቆይተው ምላጩን ከእጇ ነጠቋት።

«በዚህ አያያዝሽ ጨርቁንም ትጨርሺዋለሽ። ዘወር በይ።» እየተረተሩም «እሺ አላልኩም» አሉ። «ኩሬውን በዓይኔ ሳላይ እሺም እንቢም የለም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ኩሬው ዳር ደረሱ። እማማ ራቢዓ ጃንጥላቸውን ዘግተው ውኃውን በጫፉ ለኩ፤ ጃኬቱን ስፌት ስፌቱን ጎተቱ፤ መምህር ይድነቃቸውን ሚስት እንዳለው ሳይቀር ጠየቁት። እሱም እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መለሰ።

ሰልዋና ሙህሲን ሸራውን ሊያስሩ ጀመሩ። አናቱን ከምሰሶው ጫፍ ባለው መዘውር በኩል በገመድ ሰቀሉት። ከታች አንዱን ጥግ ወደ ጎን በወጣ ሽመል ጫፍ ላይ አሰሩ። በሌላው ጥግ ያለውን ገመድ ሙህሲን እንደ ግመል ጭነት ጥፍር አድርጎ ከጣውላው ጋር ቋጠረው።

«ፍታው» አለች ሰልዋ።

«እንዴ! እንዲህ ታስሮ የት ይሄዳል?»

«እሱ ነው ችግሩ። ነፋሱ ከከፋ ካልለቀቅነው ይገለብጠናል። ይሄኛው በእጅ ነው የሚያዘው።»

ሙህሲን እያጉረመረመ ፈታው። ሰልዋ ጃኬቷን ለብሳ፣ ገመዱን በእጇ ይዛ አያቷን አየች።

እማማ ራቢዓም አዩዋት። ከከተማው በኩል የከሰዓቱ የአስር ሶላት አዛን ተሰማ።

«ሰግጄ እነግርሻለሁ» አሉና ምንጣፋቸውን ከግራሩ ሥር አነጠፉ።

ያን ጊዜ ነው ነፋሱ የመጣው። ከኋላ፣ ልክ እንደሚፈለገው። ሸራው ተንፈራገጠ፤ ቀዩና ቢጫው እየነፋ፣ እየነፋ ሄደ፤ ሆዱም ሞልቶ ከጀልባዋ ፊት ተደፋ። ጀልባዋ ገመዷን እንደ ጥጃ ጎተተች። ከዳር ያሉት ልጆች ጮኹ።

«ጀልባዋ ላይ ውጪ!» አለ ሙህሲን በሹክሹክታ። «ጀርባቸውን ሰጥተዋል፣ አያዩም! ይሄ ነፋስ አይቆይልሽም፣ ታውቂዋለሽ!»

ታውቀዋለች። የራያ ነፋስ ቀጠሮ የለውም።

አያቷ ለሱጁድ ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ አድርገው ተደፉ፤ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ረጅም ቆዩ። ሰልዋ ገመዱ መዳፏን ሲያቃጥላት ተሰማት። አንድ እግሯ ጣውላው ላይ ነበር።

ጣቶቿን ከፈተች። ገመዱ ሾልኮ ሄደ፤ ሸራው ነፋሱን ተፍቶ ውኃው ዳር ላይ ተኛ። ሰልዋ እግሯን መለሰች፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣም አያቷ ፊታቸውን ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ አዙረው አሰላምተው ሶላቱን እስኪጨርሱ ጠበቀች።