መልስ ያልጠበቀው ስክሪን

ሽማግሌው ከሞቱ ገና ሰዓት አልሞላም። መርፌ የተወጋው ክንዳቸው አብጧል። መድኃኒቱ ለእሳቸው መርዝ መሆኑ በሌላው ሆስፒታል ካርዳቸው ላይ ተመዝግቧል፤ ሁለቱ ሆስፒታሎች የመረጃ ቋቶቻቸውን ያገናኙትም እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስ ነበር።

የወጋቻቸው ነርስ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ገና ልጅ ናት፤ እህል የቀመሰችም አትመስል። የሌላውን ሆስፒታል ካርድ የሚፈትሸውን ስክሪን ሳታይ ወጋች ከተባለ ወህኒ ይጠብቃታል።

«አይቻለሁ! ‹የሚከለክል ነገር የለም› ነው ያለኝ። እሰሩኝ፤ አላየሁም ብዬ ግን አልፈርምም!»

«አትፈርሚ» አለች ከፖሊስ የመጣችው መርማሪ። «በይ ቁጭ በይ፣ የኔ ልጅ።»

ሁለቱን ሆስፒታሎች የሚያገናኘውን መስመር ወደሚጠብቀው ቴክኒሻን ዞረች። «መስመሩ ነው የዘገየው?»

«ወይ ጣጣ! ሁሉም በእኔ ያላክካል እኮ፣ እትዬ። በዚሁ መስመር ስንትና ስንት የራጅ ፎቶ ወዲያው ይደርሳል።»

መርማሪዋ ሌላው ሆስፒታል ደወለች። እዚያ የሽማግሌው ካርድ ወዲያው ተከፈተ። መስመሩም ደኅና፣ ያኛውም ቋት ደኅና።

የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊው ከረባቱን አስተካከለ። «ነገሩ ቴክኒክ ነው፤ አይገባዎትም።»

«ቀስ ብለው ያስረዱኝ።»

ሲያስረዳት ገባት፦ ማሽኑ የአንድ ሰው ካርድ ሲፈልግ የዚያን ሆስፒታል ካርዶች በሙሉ ወዲህ አግዞ እዚህ ይመርጣል።

«አንድ ሰው ለማግኘት የከተማውን ሕዝብ ሁሉ ቤትዎ ይጠራሉ?»

«ፕሮግራሙ ሲሠራ እኮ ካርዱ ጥቂት ነበር» አለ እያጉረመረመ።

ሦስቱንም መድኃኒት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሞቹ ስለ መዘግየቱ ሲጮሁ ከርመው ባለፈው ሳምንት ዝም አሉ። ማሽኑ ግን ዛሬም ያዘግማል። ታዲያ ምን አፋቸውን አስያዘ?» ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «መስመሩን ንቀለው።»

ነቀለው። ነርሷ የሟቹን ቁጥር አስገባች። ስክሪኑ ጥቂት አሰበና በአረንጓዴ ጻፈ፦ ‹የሚከለክል ነገር የለም›።

«ገመዱ መሬት ላይ ነው። ማንን ጠይቆ ነው የለም ያለው?»

መርማሪዋ በጣቷ ወደ ኃላፊው አመለከተች።

«ፕሮግራሙን የሚነካው ኃላፊው ብቻ ነው። ፍጥነቱን ማስተካከል ሲያቅተው፣ መልስ ከዘገየ ‹የለም› በል ብሎ አዘዘው። ስሞታው ቆመ። የሽማግሌውም ልብ ቆመ።»

«ለጊዜው ብዬ ነው! መውጫ መግቢያ ሲያሳጡኝ ምን ላድርግ?»

«ለጊዜው የሞተ ሰው አላውቅም። ይነሱ፣ እንሂድ።»

ኃላፊው ሲነሳ ቴክኒሻኑ ላይ ዓይኑን አጉረጠረጠ። «ገመዱን መልሰው! ሥራ ይቆማል እንዴ?»

ነርሷ ብድግ ብላ የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን በጀርባዋ ዘጋችው።

«ይህ ማሽን እስኪታረም፣ ደውዬ በአፌ ሳልጠይቅ አንዲት መርፌ ከዚህ አትወጣም። የሚያባርረኝ ካለ ይምጣ!»

ስልኩን አነሳችና ስለ ቀጣዩ ታማሚ ለመጠየቅ ሌላው ሆስፒታል መደወል ጀመረች።