ሦስት ጊዜ ያመላለሳት ፎቶ አንሺ

«ፎቶዬ ደርሷል?»

«ደርሷል... ግን አልደረሰም።»

የኔነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ፎቶ አንሺውን ትክ ብላ አየችው። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነው። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጭቃ ተለውሷል። ኮልፌ ላይ ግን ሳምንቱን ሙሉ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም። ይህ ሰው ጭቃውን ከየት አመጣው?

«ከሁለት አንዱን ይንገሩኝ እንጂ!» አለችው።

ፎቶ አንሺው ጉልላት ከመሳቢያው አንድ ፎቶግራፍ አወጣና እንዳጠፋ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ትታያለች። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው። ቀሚሱም የየኔነሽ ቀሚስ ነው። ፊቷ ላይ ግን ከጆሮ እስከ ጆሮ ተራራ ተጋድሟል። ፀጉሯ ውስጥ ደመና ገብቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወጨጫ ነው።»

«ወጨጫ እኔ ፊት ላይ ምን ይሠራል?»

«ቅዳሜ መናገሻ ኮረብታ ላይ ሆኜ ሳነሳው ድንገት ዝናብ ወረደብኝ። ካሜራዬን በኮቴ ሸፍኜ ስሮጥ ፊልሙን ማዞር ረሳሁ። ሰኞ እርስዎ ሲመጡ በዚያው ላይ አነሳሁዎት።»

«ታዲያ ጅማ ተራራ ልላክላቸው?»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ጊዜው የ1963 ዓ.ም. የካቲት ነው። አባቷ አቶ ወልደ አማኑኤል ከቦንጋ መጥተው ኮልፌ ላይ ማር ሲነግዱ ሃያ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ጅማ ያለ አንድ የነጋዴ ቤተሰብ የኔነሽን ለልጁ አስቦ «መልኳን እንድናይ ፎቶ ላኩልን» ብሏል።

ጉልላት እንደገና አነሳት። በሳምንቱ ስትመጣ «ብርሃን ገባበት» አላትና ለሦስተኛ ጊዜ አስቀመጣት። ሌላ ሳምንት ቆይታ መጣች።

«ዛሬስ ምን ገባበት?»

ሁለት ፎቶ አቀረበላት። በሁለቱም ላይ መልኳ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ያለፈውም ደርሶ ነበር» አለ ወለሉን እያየ።

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

«አንድ ቀን እንድትጨምሪልኝ።»

እርስ በርስ «እርስዎ» መባባሉ የቀረው በዚህ ቀን ነው። የኔነሽ ፎቶዎቹን ነጥቃ በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስትደርስ ግን ብቻዋን እየሳቀች ነበር።

ፎቶው ጅማ ሲደርስ ሰዎቹ መጠበቁ ሰልችቷቸው ሌላ ልጅ አጭተዋል።

«ይሄ ፎቶ አንሺ አማች አሳጣኝ!» አሉ አቶ ወልደ አማኑኤል የማር ገንቦ እየከደኑ። «ሦስት ጊዜ! ልጄን ሦስት ጊዜ አመላለሳት!»

የኔነሽ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ወዲህ በፎቶ ቤቱ በኩል ሳታልፍ የምትቀርበት ሳምንት አልነበረም። የኮልፌን ሰው ማንሳት የጉልላት መተዳደሪያ ነው። ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። አንድ ማተሚያ ቤት ለሚቀጥለው ዓመት የቀን መቁጠሪያ የአገር መልክዓ ምድር ፎቶ አዞታል። ለዚያ ሲል ድንኳኑን ተሸክሞ እየወጣ ተራራ ላይ ያድራል።

«ተራራው የት ይሄድብሃል? ቀን ወጥተህ አንስተኸው አትመለስም?» አለችው አንድ ቀን።

«ተራራው አይሄድም። ብርሃኑ ነው የሚሄደው። ጠዋት ጠራ ስትይ ጉም ይመጣል። ጉሙን ሸሽተሽ ስትወርጂ ከኋላሽ ፀሐይ ትወጣለች። ጠብቄ ነው የማነሳው።»

«ስንት ፎቶ ቀረህ?»

«አንድ ጥቅል ፊልም አሥራ ሁለት ፎቶ ነው። ዓመቱ ደግሞ አሥራ ሦስት ወር ነው። ጳጉሜ ትቀረኛለች።»

ግንቦት ልደታ ዕለት የኔነሽ ከአክስቷ ከእትዬ ወለተጻድቅ ጋር መናገሻ ማርያምን ለመሳለም ሄደች። ኮልፌን ሲለቁ ሰማዩ የታጠበ ሳህን ይመስል ነበር። ተሳልመው ቁልቁለቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ከወጨጫ በኩል ጥቁር ደመና ተነሥቶ በረዶ ያወርድባቸው ጀመር። አክስቷ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው «ወይ እመቤቴ!» እያሉ ሲሮጡ አንድ ትንሽ አረንጓዴ ድንኳን አዩ። ከውስጡ ጉልላት አንገቱን አወጣ።

«ግቡ! ግቡ!»

ሦስቱም ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀመጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ድንኳን ነው ጃንጥላ?» አሉ እትዬ ወለተጻድቅ።

«ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፣ እትዬ።»

«አንድ ሰው ብቻውን ጫካ ውስጥ ምን ያደርጋል? መናኝ ነህ?»

«ፎቶ አንሺ ነኝ።»

አክስቷ ቀስ ብለው ወደ የኔነሽ ዞሩ። የኔነሽ የድንኳኑን ስፌት ታጠና ጀመር።

«አሃ! ጅማን ያስቀረን አንተ ነህ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ...»

«ምን ይቅርታ! ጅማ ሩቅ ነው። አስኮ ቅርብ ነው» አሉና የያዙትን ዳቦ ለሦስት ቆረሱት። እናቱ አስኮ እንደሚኖሩ አስቀድመው አጣርተዋል ማለት ነው።

በረዶው እንደ መጣ ሄደ። ወጨጫ ታጥቦ ብቅ አለ። ጉልላት ዘሎ ወጣና ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አድርጎ አነሳው። ከዚያ ወደ የኔነሽ ዞረ።

«አንቺም ሞክሪ።»

«ማንን ላንሳ?»

«እኔን። ሰው አንስቶኝ አያውቅም።»

«ፎቶ አንሺ ሆነህ?»

«ከካሜራው ኋላ የምቆመው እኔ ነኝ፤ ማን ያንሳኝ?»

ጎንበስ ብላ በካሜራው ሳጥን መስታወት ውስጥ አየችው። ፀጉሩ ረጥቧል። ፈገግ ሲል አንዱ ጉንጩ ብቻ ይሰረጉዳል። ቀጭ አደረገችው።

«ፊልሙን አዙረሽ ነበር?»

«ማዞር ነበረብኝ?»

ጉልላት ሆዱን ይዞ ሳቀ። ፎቶው ሲታጠብ እሱ ቆሟል፤ ወጨጫ ደግሞ ደረቱን አቋርጦ ያልፋል። አንድ ብቻ አትሞ ሰጣት።

«አሁን ተካካስን» አላት።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው መጡ። ተናጋሪው አቶ ገብረአምላክ የሚባሉ የቀራንዮ መድኃኔዓለም ሰበካ አዛውንት ነበሩ። የኔነሽ ከጓዳው በር ኋላ ሆና ትሰማለች።

«የማን ልጅ ነው? ሥራውስ?» አሉ አባቷ።

«ጉልላት ይባላል። እናቱ ወይዘሮ ካሳነሽ አስኮ ናቸው። ሥራው ፎቶ ማንሳት ነው።»

አባቷ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ።

«ያ ሰው?»

«ያ ሰው» አሉ አቶ ገብረአምላክ።

የአባቷ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ በበሩ ስንጥቅ አየች። የተቆጡ መሰላት። እየሳቁ ነበር።

«ልጄን ሦስት ጊዜ አመላልሷታል። እኔም ሦስት ጊዜ ላመላልሰው! የሰኔ ሚካኤል ማግስት ተመለሱ።»

ልጅ በአንድ ቀን እንደማይሰጥ ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ፤ ስቀው ሄዱ። የሰኔ ሚካኤል ማግስት ተመለሱ።

«ክረምቱ ይለፍ» አሉ አባቷ። «ከመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18 ኑና መልሱን ውሰዱ።»

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጉልላት ድንኳኑን ሊሸክም ሲዘጋጅ የኔነሽ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ዝናቡን አታየውም? ይቅርብህ።»

«ጳጉሜ ብቻ ናት የቀረችው። ደመናው አንዴ መከፈቱ አይቀርም።»

«ባይከፈትስ?»

«ይከፈታል። እኔ እንደሆንኩ መጠበቅ ለምጃለሁ... አባትሽ አስለምደውኛል።»

ሁለት ሌሊት አደረ። ሲመለስ እየተንቀጠቀጠ ነበር። የሳንባ ምች ነው ተባለ። የኔነሽ ያየችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም እናቱ በሌሉበት ሰዓት እትዬ ወለተጻድቅ «የሰፈር ሰው ልንጠይቅ ነው» ብለው ይዘዋት ሄደው። እጮኛ አይደለችም። አልጋው አጠገብ ለመቀመጥ መብት አልነበራትም። እግሩ ሥር ቆመች።

«ተከፈተ» አላት። ድምፁ እምብዛም አይሰማም።

«አነሳኸው?»

«አነሳሁት። ግን... ፊልሙን ማዞሬን አላስታውስም።»

ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። ነሐሴ 8 ቀን አረፈ።

አስኮ ድንኳን ተተከለ። ከቀብር መልስ አልቃሾቹ እንደ ወጉ «ፎቶውን አምጡ» አሉ። ፎቶ ግን አልነበረም። ወይዘሮ ካሳነሽ ፎቶ ቤቱን አስከፍተው መሳቢያውን ሁሉ ገለባበጡት። የኮልፌ ሰው በሙሉ እዚያ አለ፤ ሙሽራው፣ ቄሱ፣ ክርስትና የተነሣው ሕፃን። ልጃቸው ብቻ የለም።

ይህን ለየኔነሽ የነገሯት እትዬ ወለተጻድቅ ናቸው። የኔነሽ ተነሥታ ከሣጥኗ ፎቶውን አወጣች፤ ጥቁር ነጠላ ለበሰች። አባቷ በር ላይ ነበሩ።

«ወዴት ነው?»

«ለቅሶ።»

«ያን ፎቶ ይዘሽ ከገባሽ ሰው ሁሉ ያውቃል። ነገ ሌላ ሰው አይጠይቅሽም።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

አቶ ወልደ አማኑኤል የበሩን መቃን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ገለል አሉላት።

ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ ማንም አላወቃትም። ፎቶውን በሁለት እጇ ለወይዘሮ ካሳነሽ ሰጠቻቸው። እናቲቱ እርጥብ ፀጉሩን፣ የተሰረጎደ ጉንጩን፣ ደረቱ ላይ የሚያልፈውን ተራራ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ማን አነሳው?»

«እኔ።»

«አንቺ የማን ነሽ፣ ልጄ?»

የኔነሽ ሚስቱ አይደለችም። እጮኛው አይደለችም። እውነት የሆነ ቃል ፈለገች።

«ቀጠሮ ላይ ነበርን» አለች።

ወይዘሮ ካሳነሽ እጇን ስበው ከጎናቸው አስቀመጧት። ፎቶው ከፍ ተደርጎ ተያዘ። ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። የኔነሽ ቀና ስትል አባቷን ከድንኳኑ ጥግ ቆመው አየቻቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘውታል።

ካሜራው ውስጥ የቀረውን ፊልም ሌላ ፎቶ አንሺ አጠበው። ውኃ ገብቶበት ኖሮ ምንም አልወጣበትም። የቀን መቁጠሪያው ሲታተም ጳጉሜን ከነሐሴ ግርጌ፣ ያለ ፎቶ አስገቧት።

መስከረም 18 ቀን አቶ ወልደ አማኑኤል ከጠዋት ጀምሮ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ሳሎን ተቀመጡ።

«ወልዴ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው?» አሉ እህታቸው።

«ቀጠሮ አለኝ።»

እትዬ ወለተጻድቅ የመስቀል ጎመን መክተፋቸውን ትተው እሳቸውም ተቀመጡ።

አራት ሰዓት ሲሆን በር ተንኳኳ። አቶ ገብረአምላክ ነበሩ፤ ብቻቸውን። ሁለቱ ሽማግሌዎች «ለሞተ ሰው ሚስት አይለመንም» ብለው ቀርተዋል። አቶ ገብረአምላክ ከዘራቸውን ተደግፈው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አሏቸው አባቷ።

«መልስ ሳላገኝ አልቀመጥም። ሦስተኛ መምጣቴ ነው። ቀጠሮ በሞት ይፈርሳል ብሎ የነገረኝ የለም።»

አቶ ወልደ አማኑኤል ተነሡ። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። አሁን ግን እየሳቁ አልነበረም።

«ልጄን ለጉልላት ሰጥቻለሁ። መጀመሪያ በመጣችሁ ቀን ልቤ ሰጥቶ ነበር... አፌ ነው ያቆየው። ለቀልድ ብዬ አቆየሁት።»

«ተቀብያለሁ» አሉ አቶ ገብረአምላክ። «እግዚአብሔር ይስጥልን።» ከዚያ ተቀመጡ።

አባቷ በገዛ እጃቸው የማር ብርዝ ቀዱላቸው። የኔነሽ ከጓዳው በር ኋላ አልነበረችም። በዚያ ቀን ሳሎን መሐል ቆማ ነበር የሰማችው።

በማግስቱ አስኮ ሄደች። ወይዘሮ ካሳነሽ መልሱ ደርሷቸው ደጅ ቆመው ጠበቋት። «ምራቴ» ብለው አገላብጠው ሳሟትና ከጉልላት የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ያገኙትን አንድ ፎቶ አሳዩዋት። ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ ፊቷን ተራራ የሸፈነው ሴት ናት።

«ማን እንደሆነች ሳላውቅ ነው ያስቀመጥኳት» አሉ። «እጆችሽን ሳይ ግን ለየሁሽ።»

በጥቅምት ፎቶ ቤቱን ወይዘሮ ካሳነሽ በሰጧት ቁልፍ የኔነሽ ከፈተችው። እያንዳንዱን ሰው ካነሳች በኋላ ፊልሙን ማዞሯን ሁለት ጊዜ ታረጋግጣለች።

ሁለቱ ፎቶዎች አስኮ፣ የወይዘሮ ካሳነሽ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። በአንዱ ወጨጫ ፊቷን ሸፍኖታል፤ በሌላው ደረቱ ላይ ያልፋል። እንግዳ የመጣ እንደሆነ ጠጋ ብሎ «እነዚህ እነማን ናቸው?» ማለቱ አይቀርም።

«ልጄና ሚስቱ ናቸው» ይላሉ ወይዘሮ ካሳነሽ።